የተሸነፈው ምክትል መቶ አለቃ ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ2017 ሜይ ወር በጄኔቫ ከተማ በተካሄደ ጨረታ፣ በአንድ ወቅት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንብረት የነበረ የእጅ ሰዓት በ2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገደማ ተሸጠ። ሰዓቱ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2015 ለጨረታ ተዘጋጅቶ ሳለ በባለቤትነት ክርክር ምክንያት ከዝርዝሩ ወጥቶ ነበር። ወሬው ወደ እኛ ሲደርስ በየቡና ቤቱም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ የሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ በብር ሲመነዘር ስንት ይሆናል? ደግሞስ ማን ሸጠው? (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ሁለቱም ጥያቄዎች ነውር የለባቸውም። የሀገር ቅርስ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የዜጋ ወግ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሦስተኛ ጥያቄ ሊነሣ ሲገባው አልተነሣም፤ በሰዓቱ ገጽ ላይ ስማቸው የተጻፈው ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው? ሁለተኛው ስም፣ ፊሊፕ፣ የአንድ ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ ነው። የመጀመሪያው ስም፣ ፓቴክ፣ ሀገሩን በጦርነት የተነጠቀ፣ ሁለት ጊዜ የቆሰለ፣ ተሸንፎ ድንበር የተሻገረ የአንድ ፖላንዳዊ ምክትል መቶ አለቃ ስም ነው። በ1936 ጁን 30 ቀን በዚያችው በጄኔቫ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው የተወረረች ሀገራቸውን አቤቱታ ያሰሙት ንጉሠ ነገሥት፣ ኋላ ሲነግሡ ሲከብሩ በእጃቸው ያሰሩት ሰዓት የሌላ የተወረረ ሀገር ስደተኛ ስም የተጻፈበት ነበር። ከሚሊዮኖቹ ፍራንክ ይልቅ ይህን ጸሐፊ የገረመው ይህ ነው።

የእንዲህ ያለ ሰው ታሪክ በእኛ ዘንድ በሁለት መንገድ ይተረካል፤ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ። አንደኛው በየሆቴሉ አዳራሽ የመግቢያ ዋጋ እየተከፈለበት የሚሰበከው ነው። «ስደተኛ ነበር፣ ባዶ እጁን ነበር፣ ሠራ፣ ከበረ፤ አንተስ ለምን አትከብርም?» የሚለው። ሁለተኛው ከባሕር ማዶ የፖለቲካ ስብሰባዎች የሚመጣው ነው። በዚህኛው ዘንድ ጠመንጃውን አስቀምጦ ሱቅ የከፈተ ሁሉ ከዳተኛ ወይም ቢያንስ የደከመ ነው፤ እውነተኛው ስደተኛ ሻንጣውን ሳይፈታ አርባ ዓመት የሚጠብቅ ነው። የአንቶኒ ኖርበርት ፓቴክ ሕይወት ለሁለቱም አይመችም።

ሰውየው የተወለደው በሉብሊን ምድር፣ ፒያስኪ በምትባል ስፍራ፣ በ1812 ገደማ ነው። ያን ጊዜ ፖላንድ የምትባል ነጻ ሀገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ሩሲያ፣ ፕሩስያና ኦስትሪያ በ1795 የመጨረሻውን ቅርጫ ጨርሰው ተከፋፍለዋት ነበር። ከናፖሊዮን ውድቀት በኋላ በ1815 በዋርሶ ዙሪያ የተቋቋመው «መንግሥት» የራሱ ጦርና ምክር ቤት ቢኖረውም ንጉሡ የሩሲያው ዛር ነበር። ፓቴክ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ በዚህ ጦር ፈረሰኛ ሆኖ ተቀጠረ። በ1830 ኖቬምበር 29 ሌሊት በፕዮትር ቪሶትስኪ የሚመሩ የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች በዋርሶ አመፅ ሲያስነሡ ገና የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነው።

የዚያን ጦርነት ዝርዝር እዚህ መተረክ አያስፈልግም። ምክር ቤቱ በጃንዋሪ 1831 ዛር ኒኮላይ ቀዳማዊን ከፖላንድ ዙፋን ሻረ፤ በግሮሁፍ ሜዳ የፖላንድ ጦር በጀግንነት ተከላከለ፤ በሜይ ወር በኦስትሮዌንካ ተሰበረ፤ ሴፕቴምበር 8 ቀን ዋርሶ እጇን ሰጠች። ሆኖም አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። የአመፁ መሪዎች የጦር አዛዥ በአዛዥ ላይ ሲለዋውጡና ሲነታረኩ፣ ምክር ቤቱ ለገበሬው መሬት የመስጠትን ጥያቄ አንሥቶ ሳይወስን በተነው። መኳንንቱ ነጻነትን ለራሳቸው ፈለጉ፤ ለጭሰኛው ግን «ቆይ፣ ከድል በኋላ» አሉት። ጭሰኛውም ቆየ። የሀገራችንን የ1960ዎቹ ንባብ ያነበበ ሰው የዚህን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ያለ እኔ እርዳታ ያውቀዋል።

ከዚያ ሁሉ ውስጥ እኔን የያዘኝ አንድ ቀን ነው። ፓቴክ የፖላንድን ከፍተኛ የጦር ሜዳ ኒሻን፣ የቪርቱቲ ሚሊታሪን የወርቅ መስቀል የተሸለመው በኦክቶበር 3 ቀን 1831 ነው። ዋና ከተማይቱ ከወደቀች አንድ ወር ሊሞላት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 5፣ የመጨረሻው የፖላንድ ጦር ክፍል ወደ ፕሩስያ ግዛት ተሻግሮ መሣሪያውን አስቀመጠ። እንግዲህ ይህ ኒሻን ሊፈርስ ሁለት ቀን የቀረው ጦር ለሰጣቸው ልጆቹ የሰጠው ነበር። ዛሩ በበኩሉ ምን አደረገ? ኒሻኑን በሕግ ከልክሎ ዝም አላለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የራሱን ቅጂ አሠርቶ፣ ፖላንዶችን ለጨፈጨፉ የሩሲያ ወታደሮችና መኮንኖች በገፍ አደለው! አሸናፊ የተሸናፊውን ሜዳይ ሲነጥቅ ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ ለገዳዮቹ መልሶ ሲያድል ግን እምብዛም አይታይም። ቀጥሎ የፖላንድ ጦር ራሱ ተሰረዘ። የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋ፤ በ1832 የቪልኒዩስም ተከተለው። የተሸነፈን ሕዝብ የሚፈራ ገዥ ሁልጊዜ በቅድሚያ የሚዘጋቸው ሁለት በሮች እነዚህ ናቸውና፣ የጦር ሰፈርና ዩኒቨርሲቲ፣ በመምህርነት የሚኖር ሰው ይህን ሳያነሣ ቢያልፍ ግፍ ይሆንበታል።

ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ዐሥር ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ወደ ምዕራብ ኤውሮፓ ተሰደዱ፤ የታሪክ ጸሐፍት «ታላቁ ስደት» ይሉታል። ስደቱ በዘፈቀደ የተካሄደ አልነበረም። ጄኔራል ዩዜፍ ቤም የሸሹት ወታደሮች በጀርመን ግዛቶች አቋርጠው ወደ ፈረንሳይ የሚደርሱበትን መንገድ በየጣቢያው ሰው መድቦ አደራጀ። ከጣቢያዎቹ አንዱ በባቫሪያ፣ በባምበርግ ከተማ ነበር፤ ኃላፊው ደግሞ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ፓቴክ። የሆቴል አዳራሽ ሰባኪዎቻችን ከፋብሪካው ይጀምራሉ፤ እኔ ከባምበርግ መጀመር እመርጣለሁ። ደካማውን አሳርፎ፣ ቁስለኛውን አሳክሞ፣ ስንቅና ሠረገላ ፈልጎ፣ ስም መዝግቦ፣ ቀጣዩን ቡድን በሰዓቱ ማሳለፍ፤ ይህ ሥራ አስኪያጅነት ካልሆነ ምን ይባላል? ሰውየው ፋብሪካ መምራትን የተማረው ከተሸነፈ ጦር ኋላ ቀርቶ ነው። «ባዶ እጁን ተሰደደ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይሰበራል። ስደተኛ እጁ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ጦር ውስጥ ያደገ ሰው ግን ሥርዓትን፣ ደብዳቤ መጻፍን፣ ሰው ማዘዝንና መታዘዝን ይዞ ይሄዳል።

ቤምን ካነሣን አይቀር፣ እርሱ የሌላኛው መንገድ ምሳሌ ነው። ጄኔራሉ ውጊያውን አላቆመም፤ በ1848 እና በ1849 በሀንጋሪ አብዮት ተዋጋ፤ እሱም ሲከሽፍ ወደ ኦቶማን ግዛት ሄዶ፣ ሰልሞ፣ ሙራድ ፓሻ ተብሎ በ1850 በሐለብ ከተማ ሞተ። ለዚህ ሰው ክብር አለኝ። ሆኖም ከቤምና ከፓቴክ የትኛው ለፖላንድ ታማኝ ነበር ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም ባይ ነኝ። ጥያቄው ራሱ የስብሰባ አዳራሽ ልጅ ነው።

ፈረንሳይ ለፖላንድ ሕዝብ ዘፈነች፣ አለቀሰች፤ መንግሥቷ ግን በኤፕሪል 1832 ስደተኞችን በተወሰነላቸው ከተማ እንዲቀመጡ የሚያስገድድ፣ ሲፈልግም የሚያባርር ሕግ አወጣ። ጎዳና ላይ የሚጨበጨብልህና ቢሮ ውስጥ የሚፈረምብህ ወረቀት ለየቅል ናቸው፤ ዛሬ በስደት ያሉ ወገኖቻችን ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ፓቴክ በካኦርና በአሚየን ከተሞች በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኖ ሠራ። የወርቅ መስቀል የተሸለመው ፈረሰኛ ከሣጥን ሣጥን የእርሳስ ፊደል እየለቀመ የሰው ጽሑፍ ሲደረድር ይታያችሁ። በአሮጌው የፖላንድ ሕግ የመኳንንት ወገን ከከተማ ንግድና ከእጅ ሥራ ከገባ መኳንንትነቱን ያጣ ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በ1775 ነው። ሕግ ሲሻር ደግሞ ንቀቱ አብሮ አይሻርም፤ እኛም ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 የእጅ ሠራተኛን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ካወጁ መቶ ዓመት አልፎ «ቀጥቃጭ» እና «ሸማኔ» የሚሉትን ቃላት በስድብነት ስናዋጣ ኖረናል። ወጣቱ መኮንን ይህን ንቀት ከትከሻው ላይ ያወረደው በፈረንሳይ ማተሚያ ቤት ይመስለኛል። ያለዚህ የጄኔቫው ታሪክ አይጀመርም ነበር።

ጄኔቫ ሲደርስ ሰዓት ሠሪ አልነበረም። መጀመሪያ በወይን ጠጅና በመጠጥ ንግድ ሞከረ፤ ከዚያ አሌክሳንድር ካላም ከሚባለው የተራሮች ሠዓሊ ዘንድ ሥዕል ተማረ። ወደ ሰዓት የሳበው ሜካኒኩ ሳይሆን ውበቱ ነበር። ጥሩ ጥሩ የሰዓት ውስጠ ዕቃ እየገዛ በተጌጠ ቀፎ ውስጥ አስገብቶ ለወገኖቹ ይሸጥ ጀመር።

እዚህ ላይ ስለ ከተማይቱ አንድ ነገር ማለት ግድ ይላል፤ ምክንያቱም የስኬት ሰባኪዎች ሰውየውን ከከተማው ነቅለው ነው የሚያሳዩን። ጄኔቫ ባዶ ሜዳ አልነበረችም። በ1601 የሰዓት ሠሪዎች ማኅበር የራሱ ደንብ ነበረው። ሙያውን ካስፋፉት መካከል በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ይገኛሉ። ማለትም ፓቴክ የገባበት ሙያ ራሱ ስደተኞች ያበለጸጉት ነው። በሳን ዤርቬ ሰፈር፣ ብርሃን በሚገባባቸው የላይኛው ፎቅ ጠባብ ክፍሎች፣ አንዱ ጥርስ ሲሞርድ፣ ሌላው ወርቅ ሲቀርጽ፣ ሌላው ኢናሜል ሲቀባ የሚውሉት ሠራተኞች በጠቅላላው «ላ ፋብሪክ» ይባሉ ነበር። እኛ ፋብሪካ ስንል ጭስ ማውጫና የብረት በር ይታየናል፤ ያኛው ፋብሪክ ግን በመቶ ሰገነት ላይ የተበተነ አንድ ከተማ ነበር። ፓቴክ ያደረገው ይህን የተበተነ ዕውቀት በአንድ ስም ሥር፣ በአንድ የጥራት ልክ መሰብሰብ ነው። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ግን ከሌላው ሰው ዕውቀት ላይ የቆመ ሥራ ነው። በሰዓቱ ገጽ ላይ የሁለት ሰዎች ስም አለ፤ የቀራጩና የቀለም ቀቢዋ ስም የለም። የዛሬዎቹ ማስታወቂያዎች ይህን ሲያነሡ አላየሁም፤ አይጠበቅባቸውም፤ እኛ ግን የማስታወቂያ ሠራተኞች አይደለንም።

በ1839 ሜይ 1 ቀን ፓቴክና ፍራንቲሼክ ቻፔክ በሽርክና ድርጅት አቋቋሙ። ቻፔክ በቦሄሚያ የተወለደ፣ በዋርሶ ሰዓት ሠሪ የነበረና በአመፁ ጊዜ ከከተማይቱ ብሔራዊ ዘብ ጋር የተሰለፈ ሰው ነው። አብረዋቸው የሠሩት ጥቂት ፖላንዳውያን ሠራተኞች ነበሩ። በሰዓቶቻቸው ላይ የኮሽቹሽኮ መልክ፣ የልዑል ዩዜፍ ፖኒያቶቭስኪ መልክ፣ የቸንስቶሆቫዋ እመቤታችን ሥዕል ይቀረጽ ነበር። ገዥዎቹ በስደት ያሉና በሀገር ቤት የቀሩ ፖላንዳውያን ናቸው። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ የጀግኖቹን ሐውልት ማቆም በተከለከለበት ዘመን የሀገሩ ሰው ጀግኖቹን በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ታዲያ «ጠመንጃውን ጥሎ ነጋዴ ሆነ» የሚለው ክስ ወዴት ይግባ?

ክሱ ፍጹም መሠረተ ቢስ ነው ማለቴ አይደለም። ሌላም፣ ከዚያ የሚከብድ ክስ አለ። የፓቴክ ገዥዎች እነማን ነበሩ? ያው ለጭሰኛው መሬት የነፈጉት መኳንንት ናቸው። የወርቅ ሰዓት የሚገዛ ገበሬ አልነበረም። ፓቴክ ራሱ ከመኳንንት ወገን መሆኑና የተሰደደው መኳንንት መተዋወቁ የመጀመሪያ ገበያው ሆኖለታል። ስለዚህ «ማንም ሰው በትጋት እንደ ፓቴክ ይሆናል» የሚለው ስብከት ውሸት ነው። አብረውት ከተሰደዱት ውስጥ በመጠለያ ከተሞች በድህነትና በሳምባ ነቀርሳ ያለቁት ከእርሱ ያነሰ የሠሩ አልነበሩም። እነርሱ ገዥ አልነበራቸውም፤ ሸሪክ አልነበራቸውም፤ የሚያበድራቸው አልነበረም። ይህን ሳይናገሩ የስኬት ታሪክ መተረክ በድሆች ላይ ሁለተኛ ጥፊ መሰንዘር ነው፤ መጀመሪያ ድህነቱ፣ ቀጥሎ «ሰንፈህ ነው» የሚለው ፍርድ።

ወደ ሽርክናው እንመለስ። ውሉ የስድስት ዓመት ነበር፤ በ1845 ሲያበቃ ሁለቱ ተለያዩ። ቻፔክ የራሱን ድርጅት ከፈተ፤ ፓቴክም በራሱ ቀጠለ። አሁን እንግዲህ ይህን በእኛ ስደት መነጽር እንመልከተው። ሁለት የስደት ጓዶች ሲጣሉ በእኛ ዘንድ ምን ይከተላል? አንዱ ሌላውን የገዥው ሰላይ ነው ይላል፤ ማኅበሩ ለሁለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ለሁለት፣ ሬዲዮው ለሁለት ይከፈላል፤ ሂሳቡ የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠቡ ለልጆች ይወረሳል። በጄኔቫ ግን ስድስት ዓመት የሚል ውል ነበረ፤ ስድስት ዓመቱ ሞላ፤ ሁለት ድርጅቶች ሆኑ፤ ሁለቱም ሰዓት ሠሩ። ፖላንዳውያን ከእኛ የተሻለ ጠባይ ስላላቸው አይደለም፤ የፓሪሱ የፖላንድ ስደተኛ ፖለቲካ በልዑል ቻርቶሪስኪ ወገንና በዴሞክራቶቹ መካከል ምን ያህል እንደተናከሰ ያነበበ ሰው እንዲህ ሊል አይደፍርም። ልዩነቱ የተጻፈ ውልና ውሉን የሚያስፈጽም ዳኛ መኖሩ ነው።

የሚቀጥለው እርምጃ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስተምር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በ1844 ፓሪስ በተካሄደው የኢንዱስትሪ ዐውደ ርእይ ላይ አንድ አድሪየን ፊሊፕ የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ ያለ ቁልፍ የሚሞላ ሰዓት ይዞ ቀርቦ ነበር። ያን ጊዜ ሰዓት የሚሞላው በትንሽ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ይጠፋል፣ አቧራ በቀዳዳው ይገባል። ፊሊፕ በሰዓቱ አናት ላይ ያለችውን ጉብ በጣት በማዞር ሰዓቱ እንዲሞላና እንዲስተካከል አደረገ። ዛሬ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የፓሪስ ሰዓት ሠሪዎች ግን ለፈጠራው ግድ አልሰጡትም። ግድ የሰጠው ከጄኔቫ የመጣው ፖላንዳዊ ነበር። በ1845 ፓቴክ፣ ፊሊፕና ጎስትኮቭስኪ የሚባል ፖላንዳዊ የሕግ ሰው አዲስ ሽርክና ፈጠሩ። በ1851 ድርጅቱ ፓቴክ፣ ፊሊፕ ተብሎ ተሰየመ።

ፓቴክ የሀገሩን ልጅ ፈልጎ በየስደተኛ ሰፈሩ አልዞረም። የሙያውን ቁንጮ ፈለገ፤ ያ ሰው ፈረንሳዊ ሆኖ ተገኘ፤ ስሙን ከስሙ እኩል አጻፈለት። ሀገሩን የሚወድ ሰው በሥራው ቦታ ዘር ሊመርጥ ይገባል ብለው ለሚያስቡ፣ በሀገር ቤትም በባሕር ማዶም ቁጥራቸው ከዓመት ዓመት ለሚበዛ ወገኖቻችን፣ ይህ ሰው የተረጋገጠ አርበኛ መሆኑን፣ ቁስሉንም ኒሻኑንም ደግሜ አስታውሳለሁ።

የቀረው በአጭሩ ይነገር። በዚያው በ1851 ለንደን በክሪስታል ቤተ መንግሥት በተካሄደው ታላቅ ዐውደ ርእይ ንግሥት ቪክቶሪያ ያለ ቁልፍ የሚሞላ ባለ ሰማያዊ ኢናሜል ሰዓት ከድርጅቱ ገዛች። ፓቴክ በ1854 ገበያ ፍለጋ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። በስደት ያሉ ወገኖቹን ከመርዳት አልቦዘነም፤ ለካቶሊክ እምነቱ ስላደረገው አገልግሎት ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዘጠነኛ የኮንትነት ማዕረግ ተቀበለ።

ይህን ስጽፍ ጄኔቫን ገነት አድርጌ ማቅረቤ እንዳይመስል። በ1870ዎቹ የጄኔቫ መንግሥት ከካቶሊኮች ጋር ብርቱ ጠብ ገጥሞ ነበር፤ በ1873 የሀገሩ ተወላጅ ጳጳስ ጋስፓር ሜርሚዮ በስዊዘርላንድ ፌዴራላዊ መንግሥት ውሳኔ ከስዊዘርላንድ ሳይቀር እንዲወጣ ተደርጓል። አጥባቂው ካቶሊክ ፓቴክ የመጨረሻ ዓመታቱን የኖረው በዚህ ውስጥ ነው። አስተናጋጅ ሀገር በር ይከፍታል፤ ከፍቶም ፊቱን ያጠቁራል። ሁለቱም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይደርሳሉ።

እስካሁን የተከተለኝ አንባቢ «ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» ቢል መብቱ ነው። ነገሬ ከዚህ ላይ ነው። በሜይ 1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ከ400 ሺህ በላይ ወታደር ተበተነ። ከእነዚህ ውስጥ በካራማራ የተዋጉ፣ ሀገራቸውን ከወረራ የተከላከሉ ነበሩ። አዲሶቹ ገዥዎች ለዚህ ሠራዊት ያወጡለት ስም «የጠላት ጦር» እና «የደርግ ወታደር» ነበር። ለፍርዱ ያህል፣ መልሶ የማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ገበሬውን ወደ ቀዬው መልሷል፣ እህልና መጓጓዣ ሰጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ከተሜው፣ ሹፌሩ፣ የሬዲዮ ቴክኒሻኑ፣ መሐንዲሱ፣ አካለ ጎደሎው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የጦር ካፖርቱን እንደለበሰ እጁን ሲዘረጋ ያላየ የእኔ ትውልድ ሰው የለም። የእነርሱን ሜዳይ በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች ውስጥ፣ ከአሮጌ መስቀልና ከብር አምባር ጋር ተደርድሮ አይቼዋለሁ። ዛሩ ሜዳይ ሰርቆ ለገዳይ አደለ፤ እኛ ለቱሪስት ሸጥነው።

ያ ሠራዊት ባምበርጎች ነበሩት። ሺህ ሰው በሌሊት ማጓጓዝ፣ በረሃ ላይ ውሃ ማድረስ፣ የተሰበረ ሞተር ያለ መለዋወጫ ማስነሣት የሚችሉ ሰዎች ነበሩበት። ይህን ዕውቀት በየጠላ ቤቱና በየደጀ ሰላሙ በትነነዋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ «ኢትዮጵያ የሥራ አመራር ችሎታ የላትም» የሚል ጥናት ለማሠራት ለውጭ አማካሪዎች በዶላር እንከፍላለን! ከተበተኑት ውስጥ የሚቻለው ተሰደደ፤ በዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ፣ የታክሲ ሾፌር ሆኖ ልጆቹን አስተማረ። ፋብሪካ ከፈተ አልከፈተ ብሎ በእርሱ ላይ መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም።

የስኬት ሰባኪዎቹ «ጎበዝ ስደተኛ» ብለው ሰውየውን ያሞግሱና ያፈናቀለውን ዛር ይረሱታል። ለእነርሱ ስደት እንደ ጂምናዚየም ነው፤ ገብተህ ጡንቻ ታወጣበታለህ። እንዲህ ከሆነማ ዛር ኒኮላይ የፓቴክ ባለውለታ ነው ማለት ነው! ፖላንድ ግን አንድ ሰዓት ሠሪ አተረፈች ተብሎ ሁለት ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ጦርና ዐሥር ሺህ የተማረ ወጣት ማጣቷ አይጣፋም። ትርፉን ጄኔቫ በላችው። ዛሬም የሀገራችን ሐኪሞችና መሐንዲሶች በቺካጎና በስቶክሆልም ሲሾሙ «ኮራን» እያልን በፌስቡክ የምናጨበጭብ ሁሉ፣ ጭብጨባችን ውስጥ የዛሩ እጅ እንዳለበት ብናጤን አይከፋም።

ፓቴክ በ1877 ማርች 1 ቀን በጄኔቫ ሞተ። ልጁ ሊዮን ድርጅቱን አልወረሰም። ድርጅቱ በ1901 አክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ በ1932 በኢኮኖሚው ቀውስ ጊዜ የስተርን ወንድማማቾች፣ የሰዓት ገጽ የሚሠሩለት ደንበኞቹ፣ ገዙት፤ እስከ ዛሬም በዚያ ቤተሰብ እጅ ነው። ፖላንድ በ1918 በካርታ ላይ ተመልሳ ስትታይ ምክትል መቶ አለቃው ከሞተ አርባ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር።

በኖቬምበር 2022 የፕሪቶሪያው ውል ከተፈረመ ወዲህ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ትጥቅ አስፈትቶ ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ ወጥቷል፤ በትግራይም በ2024 መጨረሻ ሥራው ተጀምሯል። ስለ ዕቅዱ በወጡት ዜናዎች ሁሉ የማነበው ስለ ጠመንጃው ቁጥርና ለአንድ ሰው ስለሚሰጠው ገንዘብ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ማን መንገድ እንደሚያደራጅ፣ ማን ቁስለኛ እንደሚያስተናግድ፣ ማን ማሽን እንደሚፈታና እንደሚገጥም የሚመዘግብ አንድ ቅጽ በየጣቢያው አለን? ከካምፑ ሲወጣስ ከማን ጋር፣ በየትኛው ዳኛ ፊት፣ የስድስት ዓመት ውል ይፈርማል?